ቆጣሪዋ ቁጭ ስትል

አንድ ተራ ቀን እሷን የሚያስከፍላት እንዲህ ነው። ጠዋት ትንሿ ልጇ ካልሲዋን ገልብጣ ስታደርግ፣ መልሳ ስታወልቅ፣ አሁንም ገልብጣ ስታደርግ፣ ምላስ ጫፍ ላይ የደረሰ «ቶሎ በይ!» ሦስት ጊዜ ይዋጣል። ሁለት አውቶቡስ በቁም ይኬዳል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከተሰፉ ሸሚዞች ላይ የተንጠለጠለ ክር ይቆረጣል፤ ለዚህ የቀኝ አውራ ጣት ቆዳ ይከፈላል። ምሳ በግማሹ ይቀራል፣ ከምሳው ሰዓት ሩቡ የተማሪዎቿ ነውና። ከሥራ ወጥታ ደግሞ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ለሃያ ሰው፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብላ ታወራለች። ከሁሉም የሚያደክማት ይኸኛው ነው። ለእሷ ቀስ ብሎ ማውራት ማቀዝቀዣ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ እንደ መውጣት ነው።

የምታስተምረው ልብ ማለትን ነው። ቁጭ ብሎ ትንፋሽን ልብ ማለት፣ እግር የረገጠውን መሬት ልብ ማለት፣ ሐሳብ ጥሎ ሲሄድ ሳይቆጡ መልሶ ማምጣት። ወሬዋን ሰምቶ የመጣ አዲስ ሰው መጀመሪያ ሲያያት ግራ ይገባዋል። ድምጿ የረጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ የምትል ሴት ጠብቆ ነዋ! የሚያገኘው ግን አንድ ቦታ መቆም የማትችል፣ ወንበር ደርድራ መልሳ የምትደረድር፣ መስኮት ከፍታ የምትዘጋ፣ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ የምታደርግ ቀጭን ሴት ነው።

አንድ ቀን አንዲት ጡረተኛ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «አንቺ ነሽ እንዴ አስተማሪዋ?» አለቻት።

«አዎ፣ እናቴ።»

«አይ እንግዲህ! እኔ እሻላለሁ እኮ።»

«ይሻላሉ እናቴ፤ ብቻ ይቀመጡ።»

እውነቷን ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ የገባችው ተረጋግታ አይደለም፤ መረጋጋት አቅቷት ነው።

ዛሬ ክር የምትቆርጥበት ፋብሪካ ውስጥ ድሮ የነበራት ቦታ ሌላ ነበር። ስድሳ የስፌት ማሽን በስድስት መስመር የተደረደረበት አዳራሽ ነው፤ ሸሚዝ ብቻ ይሰፋል። እሷ አንገቷ ላይ መቁጠሪያ ሰዓት አንጠልጥላ፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ታቅፋ፣ ከአንዷ ሰፊ ኋላ ትቆማለች። ጠቅ። ኪስ ሲገጠም ስንት ሰከንድ ፈጀ? ጠቅ። እጅጌውስ? እሷ ከጻፈችው ቁጥር ተነስቶ የእያንዳንዷ ሴት የቀን ሥራ ይወሰናል። ትምህርት ቤት እያለች ሒሳብ ላይ የሚያህላት ስላልነበረ ሥራውን በአንድ ሳምንት ተካነችው። ኋላ ኋላማ ሰዓቱን ሳትጫን ቆጥራ አትስትም ነበር። ስሟን የሚጠራ ቀረ፤ «ቆጣሪ» ሆነች።

«ቆጣሪ መጣች፣ ቆጣሪ መጣች!» ይባባላሉ ሴቶቹ።

«እሷማ ከመብራት ቆጣሪም ትብሳለች» ትላለች አንዷ ከመስመር አራት። «ያኛው እኮ መብራት ሲጠፋ እንኳ ይቆማል!»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቁ ስንት ሰከንድ እንደ ፈጀ ግን ልቧ ይዞታል።

ይኸ ነገር ከፋብሪካው በር ላይ አይቀርም፤ አብሯት ቤት ይገባል። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛውን ማስነካት ስለማይቻል መጠበቅ ያውቃል፤ ግድግዳ ስር ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ይችላል። እሷ ምድጃው ፊት ቆማ የቡናውን መፍላት ስትቆጥር ሲያይ፣ «ሴትዮ፣ ጀበናው እግር የለው፤ አያመልጥሽም» ይላታል። ትስቃለች፤ ቆጠራውን ግን አትተውም።

ነገሩ የተለወጠው በኮሌታ ነው።

ሸሚዝ የሰፋ ያውቀዋል፤ ከሁሉ የሚከብደው ኮሌታ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደ ተሰካ አቁሞ፣ ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንስቶ፣ ጨርቁን ማዞር አለ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሾሉ ሸሚዙ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። በመስመር ሦስት ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት አለች፤ ሁሉም «እትዬ ኮሌታ» ይሏታል። አንድ ኮሌታ በአርባ ስምንት ሰከንድ ነበር የምትጨርሰው። የምርት ኃላፊው ቆጣሪን ጠርቶ፣ «አርባ ስምንት በዛ፤ አውርጂልኝ» አላት።

ከእትዬ ኮሌታ ኋላ ሄዳ ቆመች። ሰው ከኋላው ሲቆምበት ይፈጥናል፤ ይህን ቆጣሪ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የሥራው ደንብ አሥር ጊዜ ለክቶ መሀከለኛውን መውሰድ ነው። እሷም አሥር ጊዜ ለካች። አንዱ አርባ አንድ መጣ፤ ሌሎቹ ሁሉ ከአርባ አምስት በላይ ናቸው። ኃላፊውን ደስ ማሰኘት ፈለገችና አርባ አንዱን ጻፈች።

በሦስተኛው ቀን መርፌው የእትዬ ኮሌታን ጣት ከነጥፍሩ በሳው።

አልጮኸችም። በግራ እጇ ማሽኑን አጠፋች፣ ጎኑ ላይ ያለውን መዘውር በቀስታ ወደ ኋላ አዞረች፣ መርፌው ወጣ። ደሙ ነጩ ጨርቅ ላይ እንዳይፈስ ጣቷን ወደ ሽርጧ አዞረች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከኋላዋ የደረቀችውን ቆጣሪ አየቻት።

«ይኸስ? ስንት ሰከንድ ሆነ?»

«ሃያ ሁለት» አለ የቆጣሪ አፍ። ራሱ ነው የተናገረው። እሷ ልትል የፈለገችው «ውይ እትዬን!» ነበር፤ ሃያ ሁለቱ ቀድሞ አመለጣት።

እትዬ ኮሌታ ጣቷን አስጠቅልላ በሳምንቱ ሥራ ገባች። ሰላምታ አልከለከለቻትም። ግን ቆጣሪ ከኋላዋ ስታልፍ ሁለቱ እጆቿ ማሽኑ ላይ ቀጥ ይላሉ። አልፋ እስክትሄድ አይነቃነቁም። ድመት ያየች ወፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከዚያን ቀን ወዲህ ቆጣሪ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ እነዚያ እጆች እሷ ባለችበት አርፈው ማየት።

መፈለግና ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። ልቧ ያለ ሥራው ይመታ ጀመር። መቀመጥ እምቢ አላት። ምግብ ቤት ውስጥ ቆማ በላች፣ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እያለ ቆመች፣ ፊልም አጋማሹ ላይ ጥላ ወጣች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ራሴን አሞኛል» ብላ የፋብሪካውን ክሊኒክ በር አንኳኳች። ነርሷ ሸምገል ያለች፣ መነጽሯ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ወሬ የማትፈራ ሴት ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። በሦስተኛው ጊዜ ግፊቷን ለካች፣ ልቧን አዳመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ልብሽ ደህና ነው። የሚሮጠው ሌላ ነገር ነው። እጅሽ ላይ ምን አለ?»

«ምንም።»

«እስቲ እዪው።»

አየችው። መቁጠሪያ ሰዓቱን ጨብጣዋለች። ጠርዙ መዳፏ ላይ ቀይ ቀለበት አስቀርቷል።

«ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጪው» አለች ሲስተር። «የዚያን ተራ የሚጠብቀውን ልጅ ቁስል አሽጌ እስክጨርስ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ በይ። ሌላ ሥራ የለሽም። አየር ሲገባና ሲወጣ ልብ በይ፣ በቃ።»

ቁጭ አለች። እግሯ ወለሉን ይመታ ጀመር። ጆሮዋን አሳከካት። ምድጃውን አጥፍታ እንደወጣች ተጠራጠረች። የልጇን የጫማ ቁጥር አስታወሰች። አየር ገባ። አየር ወጣ። ግማሽ ቀን ያለፈ መሰላት።

«ስንት ደቂቃ ሆነኝ ሲስተር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አልቆጠርኩም።»

በዕድሜዋ እንዲህ ያለ መልስ ሰምታ አታውቅም። አንድ ነገር ተደርጎ፣ አልቆ፣ ያልተቆጠረ! ከክሊኒኩ ስትወጣ ሰዓቷን ረስታ ወጣች። ወዲያው ሮጣ ተመልሳ ወሰደችው፤ ለቅጽበትም ቢሆን ግን ረስታዋለች።

ሲስተር ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰዎች ሰብስባ ታስተምር ኖሮ ወደዚያ ወሰደቻት። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ አልቀረችም። ጎበዝ ተማሪ ነበረች ማለት አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የምትቁነጠነጠው እሷ ነበረች። አጠገቧ የሚቀመጠው ጡንቸኛ የጥበቃ ሠራተኛ፣ «እህቴ፣ ወንበሩ ስር እሳት አለ እንዴ?» እያለ ያስቃት ነበር። ግን ትመለሳለች። ሐሳቧ መቶ ጊዜ ይሄዳል፣ መቶ ጊዜ ታመጣዋለች። ሲስተርም ይህን አይታ፣ «የማያርፍ ሰው የማያርፍን ሰው ቋንቋ ያውቃል። እስቲ ፋብሪካሽ ውስጥ ጀምሪ» አለቻት።

ኃላፊው ቁልፍ የሚቀመጥባትን ትንሽ መጋዘን ፈቀደላት። የሸሚዝ ቁልፍ ማለት ነው፣ በየካርቶኑ። ምሳ ላይ ዘጠኝ ሴቶች መጡ። እትዬ ኮሌታ አልመጣችም፤ በሩ አጠገብ ቆማ ምሳዋን እየበላች ብቻ ታያለች።

እዚህ ላይ ቆጣሪ ከቆጣሪ በቀር ማንም የማይሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተች። ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ ለጠፈች! የሴቶቹ ስም በአንድ በኩል፣ በሌላው በኩል በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ተነፈሱ። በቀስታ መተንፈስ ጥሩ ነው አይደል? እንግዲያው ትንሽ የተነፈሰች በለጠች ማለት ነው። በቅንነት ነው ያደረገችው፤ ሴቶቹን ማበረታታት ፈልጋ። ሴቶቹም ወደዱት። ሰኞ አንዷ በደቂቃ አሥራ ሁለት ተነፈሰች። ማክሰኞ ሌላዋ ዘጠኝ። «ኧረ እኔ ሰባት ገባሁ!» «አታላይ ነሽ፣ በአፍንጫሽ ስትሰርቂ አይቼሻለሁ!» ሐሙስ ዕለት የመስመር አራቷ ቀልደኛ አራት ልትገባ ትንፋሿን ውጣ ይዛ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ከነካርቶኑ ተገለበጠች። ቁልፍ እንደ በረዶ ወለሉን ሞላው። አልተጎዳችም፤ ተነስታም ሳቀች። ግን እትዬ ኮሌታ ከበሩ ላይ የምሳ ዕቃዋን ክዳን እየገጠመች፣

«ጣቴን ጨርሰሽ ወደ ሳንባችን መጣሽ?» አለች።

በማግሥቱ ወደ መጋዘኑ የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛዋ የወደቀባትን የጆሮ ጉትቻ ልትፈልግ የመጣች ናት።

ሲስተር ይህን ስትሰማ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። «አንቺ ልጅ! ትንፋሽ ላይ ኮታ አወጣሽ?» ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ አላዘነችላትም፣ አልመከረቻትምም። «ያበላሸሽውን አንቺው አስተካክዪ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እንዴት እንደምታስተካክለው ያሳየቻት ግን የአራት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ልጇ የጫማዋን ክር ልታስር ትታገላለች፤ እሷ በሩን ይዛ ቆማለች። ሳይታወቃት፣ በሹክሹክታ፣ «ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት...»

ልጅቷ ክሩን ለቀቀችው። «እማዬ፣ ስትቆጥሪኝ ጣቶቼ ይጠፉብኛል።»

እሷም በሩን ለቀቀች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከእነዚያ ትንንሽ ጣቶች ፊት፣ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች። ልጅቷ ክሩን አንድ ጊዜ አሳስታ አሰረችው፣ ፈታችው፣ ሌላ ዓይነት ስሕተት ሠራች፣ ፈታችው። በመጨረሻ ጠማማ የሆነ፣ አንድ ጆሮው ረጅም የሆነ ቋጠሮ ወጣ። ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ቆጣሪ አላወቀችም። አውቶቡሱ ግን አመለጣት።

በዚያው ቀን ሠንጠረዡን ቀደደች። ምሳ ላይ ለመጡት ሁለት ሴቶች፣ «እኔም አላርፍም። አብረን አለማረፍን እንማር» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ማንንም አላነጻጸረችም። መጋዘኑ ውስጥ ስትገባ ሰዓቷን አውልቃ ለመስመር አራቷ ቀልደኛ ታስይዛታለች። ቀልደኛዋም፣ «ዛሬ ቆጣሪው ተቆርጧል፣ ተንፍሱ!» እያለች ጓደኞቿን ትጠራለች። አንድ በአንድ ተመለሱ። አሥራ አራት ሆኑ። እትዬ ኮሌታ ግን በሩ ላይም መቆም ትታለች።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ኃላፊው ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላዩ የሚጮህበት አለ፣ እሱም ወደ ታች ይጮሃል።

«ሴቶቹ ከምሳ በኋላ ነቃ ብለዋል። በጣም ጥሩ። ለኪያቸው፤ ኮሌታውን ጀምሪ። ካልቀነሰ ያ መጋዘን ለምንድን ነው?»

«ቁጭ የሚሉት ለዚህ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ለምንም ይሁን። ፈጥነዋል አልፈጠኑም?»

«አላውቅም። አልቆጠርኩም።»

«አንቺ? አልቆጠርሽም?» ሳቀ። እንደማትስቅ ሲያይ እሱም ተወው። «እንዴ፣ ስሚ፤ አንቺን ሥራ ላይ ያቆየሽ እኮ ቁጥርሽ ነው።»

ልቧ እንደ ድሮው ተነሳ። ወንበሩ ላይ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አለች። ድምጿም አላመረላትም፤ ተንተባተበች እንጂ። ግን ወጣ፦ «እዚያ ቁጭ ባሉበት ምክንያት የአንዷ ሰከንድ ከተቀነሰ ሁለተኛ አይቀመጡም። እኔም ማስቀመጥ የለብኝም። አርባ አንዱ ስሕተት ነበር። ካሥሩ ትንሹን ነው የወሰድኩት። ይጻፍልኝ።»

ኃላፊው እጁን ዘረጋ፤ ሰዓቱን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። «ክር ቆረጣ ሰው ይጎድላል» አላት። «የመጋዘኑንም የበር ቁልፍ ስጪኝ።» ኮሌታው ወደ አርባ ስምንት ይመለስ አይመለስ አልተናገረም፤ በወሩ መጨረሻ ግን በአዲስ ቆጣሪ ተለክቶ አርባ ሰባት ተጻፈ።

ማታ ለባሏ ስትነግረው ብሩሹን እያጠበ ነበር። ክር ቆራጭ የሚከፈለው ከቆጣሪ ያነሰ መሆኑን ያውቃል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጠበና፣ «እንግዲህ እኔም በእረፍት ቀኔ የሰው አጥር መቀባት እጀምራለኋ» አለ። «አንቺ ብቻ እንዲህ እየዞርሽ ወለሉን አትጨርሺው፤ ቁጭ በይ።» አልተቀመጠችም። ልክ ነበርኩ ወይስ ልጄን ጎዳሁ እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትዞር ከረመች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መስመር ሦስት፣ እትዬ ኮሌታ ጋ ደርሷል። መጋዘኑ ሲዘጋ የመተኮሻ ክፍል ሴቶች፣ «እኛ ጋ ኑ፣ ሙቀቱን ከቻላችሁ» ብለው አስገቧቸው። በእንፋሎት የታፈነች ጠባብ ክፍል ናት፤ የአዳራሹ ጩኸት እንዳይገባ በሯ ይዘጋል። በአራተኛው ቀን ሁሉም ዓይናቸውን ከጨፈኑ በኋላ በሩ ተከፈተ። እትዬ ኮሌታ ናት።

«ለይቅርታ አልመጣሁም» አለች ቆማ።

«እሺ፣ እትዬ።»

«እግሬ አሞኛል። እዚህ መቀመጫ ስላለ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

በሩ አጠገብ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሦስት ትንፋሽ እንኳ አልሞላም፣ ብድግ ብላ ወጣች። የቆጣሪ እግሮች አብረው ተነሱ። ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡ እንጂ» ልትላት። በክሊኒኩ፣ በፊልም ቤቱ፣ በየአውቶቡሱ ስንት ጊዜ እንደ ተነሳች ራሷ ታውቃለች፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ስሟን ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ አትመለስም ነበር። አፏን ዘጋች። አንዷ ሴት በሩን ልትዘጋ ስትነሳ ግን ቀድማት ደረሰችና እጀታውን ይዛ፣ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተወችው። የማሽኑ ጩኸት ገባ። ማንም አላጉረመረመም።

እትዬ ኮሌታ ተመለሰች፣ ተቀመጠች። እንደገና ወጣች። ተመለሰች። እትዬ ለሦስተኛ ጊዜ ስትቀመጥ ቆጣሪ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏት ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መንገዱ በእትዬ ኮሌታ ኋላ ነው። እያለፈች ወደ ታች አየች። ጥፍሩ የጠመመው ጣት ያለበት እጅ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። ለስላሳ ነው። አልደረቀም።

እትዬ ኮሌታ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ እንጂ!» አለች። «አንቺ ስትንቆራጠጪ እኔ በምን አንጀቴ ልረፍ?»

ሴቶቹ በተጨፈነ ዓይናቸው ሳቁ። ቆጣሪም ሄዳ ቁጭ አለች።

ዛሬም እትዬ ኮሌታ ከምሳው ሩብ ሰዓት ውስጥ አንዴ ወይ ሁለቴ ትወጣለች። ሲስተር ኋላ በአደራ የሰጠቻት የጤና ጣቢያው ሃያ ሰዎችም መሀል እንዲሁ የሚወጡ አሉ፤ አስተማሪዋ ራሷ አንዳንድ ቀን ከእነሱ አንዷ ናት። ይህን ለምታነቡት ሁሉ አንድ ልመና አላት። ቤታችሁም ይሁን ሥራ ቦታችሁ፣ ሰው ዝም ብሎ አብሮ በተቀመጠበት፣ ከመሀል ተነስቶ የሚወጣ ካያችሁ ስሙን አትጥሩት። ለምን ወጣህ፣ ለምን ወጣሽ አትበሉ። ወንበሩን ለሌላ አትስጡበት። በሩን ብቻ ገርበብ አድርጋችሁ ተዉለት፤ እባካችሁ።